በሩ ወዴት ይከፈት?

የቀይ ጸረ ዝገት ቀለም ሽታ በድንገት ሲመጣብኝ፣ ጎረቤት ብረት ቀብቶ ፀሐይ ላይ ሲያሰጣም ይሁን በአንድ በያጅ ቤት ደጃፍ ሳልፍ፣ እግሬ ባለበት ቀጥ ይልና ደባርቅ እገባለሁ። አሥር ዓመቴ ነው፤ ሁለት እጄ እስከ ክርኔ ቀልቷል፤ እናቴ ነጭ ጋዝ በነከረችው ጨርቅ እየፈተገች ትቆጣኛለች፤ አባቴ ደግሞ ከያዘው ብሩሽ ቀና ብሎ «ተያት ባክሽ፣ እሷም እንዳትዝግ ብላ ነው» እያለ ይስቃል። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ የግቢ በር ምክንያት ነበር። ያንን በር ለመምረጥ ቤታችን አንድ ክረምት ሙሉ ተጨቃጭቆ፣ ተኳርፎ፣ ተመልሶ ታርቋል።

ቤታችን ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ሽቅብ በሚወጣ ኮረኮንች ዳር ነበር። ግቢያችን በድንጋይ ካብ የታጠረ ነበር፤ በር የምንለው ግን በሁለት ድንጋይ መሀል የተጋደሙ ሦስት የባሕር ዛፍ አጣናዎችን ነበር፤ ከብት እንዳይገባ ካገዱልን ይበቃን ነበር፤ ሰው ከመጣ አንዱን አንሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ይገባ ነበር። አባቴ ፈንታሁን ሹፌር ነበር። ለዓመታት በሰው መኪና ጎብኚዎችን ወደ ተራራው፣ ሳንቃ በር ወደሚባለው ቦታ ሲያመላልስ ኖሮ፣ በዚያ ዓመት ፋሲካ ሰሞን ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሆኖ አንድ ያገለገለች ነጭ ፒክአፕ ገዛ። ግቢ የምትገባበት ስላልነበረ መንገድ ዳር ትቆም ነበር፤ አባቴም ምሳውን እየጎረሰ ሦስት ጊዜ ብድግ ብሎ ወጥቶ ያያት ነበር። እናቴም «እኔን እንዲህ ስትመላለስ አይተኸኝ ታውቃለህ?» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ግንቦት ላይ ከዳባት ሽማግሎች መጥተው ታላቅ እህቴን የሻረግን ጠየቁ። አባቴ ፈቀደ፤ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ሽማግሎቹ ሲወጡ አንደኛው ጋቢያቸው በአጣናው ጉጥ ተይዞ ወደ ኋላ ሲጎትታቸው አባቴ አየና ፊቱ ቀላ። የዚያን ዕለት ራት ላይ ሁላችንንም ሰብስቦ «ልጄ በአጣና ሥር አጎንብሳ አትዳርም። ለጥር ሰውም መኪናም ቀጥ ብሎ የሚገባበት የብረት በር ይኖረናል» አለ። ሁላችንም አጨበጨብን። በዚያች ቀን ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር።

ክረምት ገባ። በደባርቅ ክረምት ጉም ከገደሉ ሽቅብ ይወጣና ከተማውን ይውጠዋል፤ በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርስ መሰማማት ያቅት ነበር፤ ጎብኚም ስለማይመጣ አባቴ ቤት ይውል ነበር። ሥራ የፈታ ሹፌር ደግሞ በር ብቻ ያስባል። መጀመሪያ ጎንደር ያየውን ተንሸራታች በር አማረው፤ በሐዲድ ላይ ሄዶ በካቡ ጥግ የሚደበቀውን። ነገር ግን በመግቢያው ግራ የጎረቤት ግድግዳ ወዲያው ስለሚጀምር በሩ መንሸራተት የሚችለው ወደ ቀኝ ብቻ ነበር፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ከካቡ ጋር ተጣብቆ የእናቴ ኮሶ ቆሟል። ይህን ዛፍ እናቴ ሙሽራ ሆና ከጃናሞራ ስትመጣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ያመጣችው ችግኝ ነበር፤ አሁን ቁመቱ ከቤታችን ጣሪያ አልፎ፣ ቀዩ አበባው እንደ ሹሩባ ተንጠልጥሎ ከሩቅ ይታይ ነበር።

«ዛፌን ከነካህ» አለችው እናቴ፣ ድምጿን ሳታነሣ፣ «በሩን ለብቻህ ክፈት፣ ለብቻህ ዝጋ። እኔ በጓሮ እገባለሁ።»

አባቴ ስለሚያውቃት መንሸራተቱን ተወውና ወደ ውጭ የሚከፈት ባለ ሁለት ተካፋች በር አሰበ። ይህም አልሆነም፤ በደጃችን የምታልፈው ቀጭን መንገድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትወስድ ነበረችና፣ በየማለዳው እማሆይ ዘነበች የሚባሉ፣ ዓይናቸው የደከመ ጎረቤታችን ካቡን በእጃቸው እየዳሰሱ ያልፉባት ነበር። «በሩን ገፋ ስታደርገው እማሆይን ደረታቸው ላይ ልትላቸው ነው?» አለች እናቴ። የቀረው ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ነበር።

የወደ ውስጡን በር ለመሞከር እኔ በር ሆንኩ። አባቴ በመዝጊያው ርዝመት አንድ አጣና ቆርጦ፣ አንዱን ጫፍ ከካቡ አጠገብ ባቆመው እንጨት ላይ በገመድ አሰረውና ሌላውን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ። «እንግዲህ ጥሩዬ፣ አንቺ በር ነሽ። ዝቅም ከፍም ሳትይ፣ አጣናውን እንዲሁ አስተካክለሽ እንደያዝሽ ወደ ውስጥ ዙሪ» አለኝ። በጭቃው ውስጥ፣ ቦቲ ጫማዬ ጭልቅ ጭልቅ እያለ፣ በኩራት ዞርኩ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ አጣናው መሬቱን ወጋ፤ ግቢያችን ከመግቢያው ጀምሮ ወደ ቤቱ ሽቅብ የሚወጣ ዳገት ነበርና። «በሩ መሬት ነካ!» ብዬ ጮኽኩ። «ድገሚ!» አለ አባቴ። ደገምኩ፤ ነካ። በግራ ሆንኩ፣ በቀኝ ሆንኩ፤ ሁለቱም ነካ። በጉም ውስጥ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኝና አስተያየቱን ይሰጥ ጀመር፤ አንዱ «ቆፍሩት» ይላል፣ ሌላው «በሩን ከመሬት ከፍ አድርጉት» ይላል። አባቴ ቆፈረ፤ ክንድ ሳይሞላ ዐለት ላይ ደረሰና ዶማው እሳት ተፋ። በሩን ከፍ ቢያደርገው ደግሞ በሥሩ እንኳን ውሻ በግም ሾልኮ ይወጣል። ሳቅኩኝ፤ እኔ በር መሆኑን ወድጄው ስለነበር እንዲህ ሲሞከር ክረምቱ ቢያልቅ አልጠላም ነበር።

ትልልቆቹ ግን መሳቅ አቆሙ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አባቴ ከጎረቤት ምሳር ተውሶ መጣና ኮሶው ሥር አቆመው። «መስቀልን እናክብርና ይቆረጣል» አለ። ሌላ አማራጭ አጥቶ እንጂ እሱም እንዳልወደደው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። እናቴ ለሁለት ቀን ያህል ምሳውን ለብቻው እያቀረበች ወደ ጓዳ ትመለስ ነበር። በሦስተኛው ቀን የሻረግ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ጠብ ሲነሣ ጥፋቱን ሁሉ በራሷ ላይ የምታደርገው እህቴ፣ በሁለቱ መሀል ቆማ «ተዉት። ሠርጌ ከአጎቴ ቤት ይሁን፤ እዚያ ሰፊ በር አለ» አለች። እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ ወጥቶ መኪናዋ ውስጥ ሞተር ሳያስነሣ ተቀመጠ። በር መሆን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አስጠላኝ።

መስከረም ጠባ፤ ዝናቡ ቆመና ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆነ። መንገዱ ጠንከር ሲል የእናቴ አባት፣ አያታችን አዳነ፣ ከመካነ ብርሃን ማዶ ሁለት ቀን ተጉዘው፣ በቅሎአቸው ላይ ገብስ ጭነው፣ አንድ ሙክት እየነዱ ለመስቀል መጡ። አያታችን ንግግራቸው ዝግ ያለ ነበር፤ አንድ ቃል ተናግረው ሁለተኛውን እስኪያመጡ ድረስ ሰው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃቸው ነበር። አጣናውን አንሥቼ አስገባኋቸው፤ ሰላምታው ሳያልቅ ዓይናቸው ኮሶው ሥር አረፈ።

«ይህ ምሳር… እዚህ ምን ይሠራል?» አሉ።

አባቴ አፈረ። ከዚያ በኋላ ግን ሙክቱን አሰረና ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ሐዲዱን፣ እማሆይን፣ ዳገቱንና ዐለቱን ሁሉ አስረዳቸው። አያታችን እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «በሯ አንቺ ነሽ አሉ፤ እስቲ ተከፈቺ ልይሽ» አሉኝ። አጣናዬን ያዝኩና ዞርኩ፤ እንደ ወትሮው መሬቱን ወጋ።

«ለምን ሽቅብ አትሄጅም?»

«በር ሽቅብ አይሄድም አባባ» አለ አባቴ በአክብሮት። «በር ባለበት ይዞራል እንጂ።»

«የኔ ይሄዳል።»

የሁላችንም ዓይን እሳቸው ላይ ተተከለ። አያታችን በጎቻቸውን የሚያጉሩበት በረት ቀጥ ያለ ዳገት ላይ የተሠራ መሆኑን፣ የበረቱን መዝጊያ የሚሸከመውንም ግንድ ሆን ብለው ወደ ደጅ አዘንብለው እንደተከሉት ነገሩን። ግንዱ ስላዘነበለ መዝጊያው ሲከፈት ከዳገቱ ጋር አብሮ ከፍ ይላል፤ ሲለቁት ደግሞ በራሱ ክብደት ተመልሶ ይዘጋል። «እጄ ሁለት ብቻ ነው» አሉ። «በሁለቱም በጓን እይዛለሁ፤ በሩ ራሱን ይዝጋ።» አባቴ አሁንም አልገባውም ነበር። ያን ጊዜ አያታችን ደብተሬን ተቀብለው ጀርባው ላይ ዘንበል አድርገው አቆሙትና ሽፋኑን በሌባ ጣታቸው ገፉት፤ የሽፋኑ ጫፍ እየተከፈተ ከፍ፣ እየተከፈተ ከፍ አለ፤ ሲለቁት ጠብ ብሎ ተዘጋ። አባቴ ደብተሩን ነጥቆ ራሱ ሞከረው። ደግሞ ሞከረው። ከዚያ አያታችንን ከነካባቸው ብድግ አድርጎ አቀፋቸውና «አባባ፣ አባባ!» ከማለት ሌላ ቃል ጠፋው። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ማንንም ሳታይ ምሳሩን አንሥታ ለባለቤቱ ልትመልስ ሄደች።

በማግሥቱ ሦስታችን ወደ በያጁ ወደ ጋሽ ኑሩ ቤት ሄድን፤ እኔ የተወሰድኩት ደብተሩ የኔ ስለነበረ ነው። ጋሽ ኑሩ በከተማው የታወቁ ብረት ሠሪ ነበሩ፤ ነገሩን ሲሰሙ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሳቁ። «እኔ ዕድሜ ልኬን የተንጋደደ በር ሳቃና ኖሬ፣ ዛሬ ተንጋዶ የተወለደ በር ሥራ ልትሉኝ ነው?» አሉ። አያታችን አልተቀየሙም፤ ደብተሩን ዘንበል አድርገው አሳዩአቸው። ጋሽ ኑሩ ሳቃቸውን እየቀነሱ ከቁርጥራጭ ብረት መዳፍ የሚያህል በር በየዱ፤ የላይኛውን ማጠፊያ ወደ ደጅ አወጡት፣ የታችኛውን ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ወደ ደጅ አልፎ እንዳይሄድም ማቆሚያ ሠሩለት። ገፉት፤ ሽቅብ ሄደ። ለቀቁት፤ ተመልሶ ቀጭ አለ። ጋሽ ኑሩ የተቀመጡበትን በርጩማ አንሥተው ባያታችን ሥር አስቀመጡና «ይቀመጡ አባቴ። እኔ እቆማለሁ» አሉ።

እንዴት እንደሚከፈት ከታወቀ በኋላ ጠቡ ምን ይምሰል ወደሚለው ተዛወረ፤ ይህኛው ግን የሳቅ ጠብ ነበር። አባቴ መኪናዋን ዓይን እንዳይበላት ከላይ እስከ ታች በላሜራ ይሸፈን አለ። እናቴ «ደጅ የሚያልፈውን ሰው ሳላይ፣ እንዴት አደራችሁ ሳልል እንዴት እውላለሁ? እስር ቤት ነው እንዴ የምትሠራልኝ?» አለች። የሻረግ የብረት አበባ ይኑረው፣ ቀለሙም ሰማያዊ ይሁን አለች። እኔ የምቆምበት ነገር እንዲኖረው ፈለግኩ። ጋሽ ኑሩ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሁላችንንም ሰምተው፣ ታቹ ላሜራ፣ ላዩ በፍርግርግ ብረት፣ ጫፉ ላይ አራት የብረት አበባ ያለበት ሆኖ እንዲሠራ ፈረዱ። ለእኔም «የታችኛው አግዳሚ ላይ ትቆሚያለሽ፣ ግን ማንም ሳያይሽ» ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ።

ኅዳር የገብስ አጨዳ ነበር፤ አያታችን ወደ አገራቸው ተመለሱ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በያጁ ቤት ጎራ ብዬ በሩ ምን ያህል እንዳደገ አይቼ ለቤት ወሬ አደርስ ነበር። ታኅሣሥ ላይ፣ ሜዳው በአመዳይ ነጭቶ እስትንፋሳችን እንደ ጭስ በሚታይበት ማለዳ፣ በሩ በጋሪ ተጭኖ መጣ። ከዐለቱ ጋር ሲታገሉ ውለው ቋሚዎቹን በሲሚንቶ ተከሏቸው፤ ሲደርቅ መዝጊያዎቹን ሰቀሏቸው፤ በፀሐዩ ጸረ ዝገቱን፣ ከዚያም ሰማያዊውን ቀባን። እኔ ብሩሽ ስላልደረሰኝ በእጄ ቀባሁ። በሦስተኛው ቀን አባቴ እናቴን ነጠላዋን አስለብሶ መኪናዋ ውስጥ ከፊት አስቀመጣት፤ ሁለቱን መዝጊያ እኔና የሻረግ ገፋን። በሩ እንደ ወፍ ክንፍ በዝግታ ከፍ እያለ ተከፈተ፤ መሬቱን አልነካም። መኪናዋ ገባች። አባቴ ከፊት ለፊቱ ያለውን መንገድ ትቶ እናቴን ሲያይ ቤቱን ሊገጭ ምንም አልቀረው። እማሆይ ዘነበችም በደጅ ሲያልፉ አዲሱን ብረት ከላይ እስከ ታች ዳሰሱትና «ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው? እግዜር ይስጣችሁ» ብለው መርቀውን አለፉ።

ጥር መጣ። ዳሱ በኮሶው ሥር ተጣለ፤ ዘመድ ከየአገሩ ገባ፤ አያታችንም አዲስ ጋቢ ለብሰው በበርጩማ ላይ በሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ። በአገሩ ወግ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲመጣ የሙሽሪት ወገን በሩን ይዞ አናስገባም ይላል። አጣናው ባይነሣ ኖሮ እሱን ነበር የምንይዘው፤ ያን ቀን ግን የሠፈሩ ሴቶች ልጆች ሁሉ በሁለቱ የብረት መዝጊያ ላይ ተለጥፈን፣ እኔ በመቀርቀሪያው በኩል ሆኜ፣ ካቡ እስኪነቃነቅ ዘፈንን። ሙሽራው አስማረ፣ ዳባት የሚያስተምር ረጅም ቀጭን ሰው፣ በፍርግርጉ እያየን ላቡን ይጠርግ ነበር። ሚዜዎቹ ለመኑ፣ ዘፈኑ፣ ተማጠኑ። በመጨረሻ አባቴ ራሱን ሲነቀንቅልን በሩን ሳብነውና ሙሽራው ገባ። ሁላችንም አንድ ላይ እሱን ለማየት ዘወር አልን፤ በሩን የያዘ አልነበረም። በሩ በአያታችን ብልሃት፣ በዝግታ፣ ሚዜዎቹ አፍንጫ ላይ ተመልሶ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያውም ከላይ ወርዶ ቀጭ አለ።

ሙሽራው ብቻውን በሙሽሪት ወገን መሀል ቆሟል፤ አራት ሚዜዎች ከውጭ ብረቱን ይደበድባሉ። አስማረ ወደ ኋላው አየ፣ ወደ እኛ አየ፣ ከዚያ እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ «እኔስ ገብቻለሁ! የቀረው ወደ ዳባት ይመለስ!» አለ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እናቴ ሚዜዎቹ በፍርግርጉ እየታዩ እስክስታ ካልወረዱ አይከፈትም ብላ ፈረደች፤ ወረዱም። አያታችን እንባቸው እስኪወርድ ስቀው፣ በመጨረሻ «ይህስ… የበጎቹ አመል ነው» አሉ።

ወደ ማታ ገደማ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሙሽሮቹ ሊሄዱ ተነሡ። ፒክአፗን የሚነዳው አጎቴ ነበር። አባቴ መኪናዋን ራሱ ይነዳል ብዬ ስጠብቅ፣ በሩ በመካከል እንዳይዘጋባት አንዱን መዝጊያ በጀርባው ደግፎ ቆመ፤ ሌላውን እኔ ያዝኩ። የሻረግ በመስኮት እጇን ዘርግታ ትከሻውን ነካ አድርጋው አለፈች። ዳባት ቅርብ ነው፤ ግን ለአባቴ ያን ቀን ቅርብ አልነበረም። መኪናዋ ቁልቁል ወርዳ ወደ ዋናው መንገድ ታጠፈች፤ እኔ መዝጊያዬን ለቀቅኩ፤ እሱ አልለቀቀም። እናቴ መጥታ ክንዱን እስክትይዘው ድረስ እዚያው ቆሞ ነበር።

ዛሬ ጎንደር ነው የምኖረው፤ አያታችን ካረፉ ቆይተዋል፤ አባቴም መኪና መንዳት አቁሟል። ባለፈው ዓመት እኔና ባለቤቴ አዘዞ በኩል ቤት ሠርተን ስንጨርስ የግቢ በር አስፈለገን። ሻጩ በስልክ ፎቶ ላከልን፤ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን በጣታችን እያገላበጥን አየናቸውና አንዱን መረጥን። በሳምንቱ ሁለት ሰዎች መጥተው ከምሳ በኋላ ጀምረው ሳይመሽ ገጥመውት ሄዱ። ሪሞቱን ስንጫነው ድምፅ ሳያሰማ ይከፈታል፣ ድምፅ ሳያሰማ ይዘጋል፤ ቀለሙም ልክ ነው፤ ምንም አይወጣለትም። አባቴ ሊጠይቀን ሲመጣ ዞር ዞር ብሎ አየውና «ቆንጆ ነው። ስንት ቀን ፈጀባችሁ?» አለኝ። «አንድ ከሰዓት» አልኩት። ሪሞቱን ከእጄ ወስዶ አንዴ ከፈተው፣ አንዴ ዘጋው። አንድ ከሰዓት ነበር፤ ማንም አልተቀየመንም፣ ማንም አልመከረንም።